የጥፍር ፈንገስ በከተማው ዳርቻ፦ ከክኒኑ በፊት ማይክሮስኮፑ

ጥፍሩ ወፍሮ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ የጥፍር ፈንገስ ይዞታል ማለት አይደለም። መልካቸው ከተበላሸ ጥፍሮች መካከል ምክንያቱ ፈንገስ ሆኖ የሚገኘው በግማሽ ያህሎቹ ብቻ ነው። የቀሩት ጫማ ያጨናነቃቸው፣ ድንጋይ የመታቸው፣ ሶርያሲስን የመሰለ የቆዳ ሕመም የነካቸው፣ አልፎ አልፎም ከሁሉ የከፋ ነገር የተደበቀባቸው ናቸው። ልዩነቱን በዓይን ብቻ መለየት ለቆዳ ሐኪም እንኳን ያስቸግራል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ግን የጥፍር ፈንገስ የሚታወቀው በዓይን፣ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዓይን፣ ሕክምናው የሚቋረጠውም በዓይን ነው። እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ለጥፍር ፈንገስ ክኒን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ጥፍሩ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይለት። ለዚህ የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ በየጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውስጥ ለሰገራና ለሽንት ምርመራ ሲያገለግል የሚውለው ነው።

ነገሩን ከእግር እንጀምር። በመሃል ከተማ ጫማ የሚያረጥበው ዝናብ ነው፤ ዳር ላይ ግን ከዝናቡ ይልቅ ጭቃው ያይላል። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ አካባቢ ሕንፃው ቀድሞ ቆሞ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ የዘገየባቸው ሰፈሮች ጥቂት አይደሉም። ጥቁሩ አፈር ክረምቱን በሙሉ ውሃ አዝሎ ይከርማል። ሥራ የሚሄደው ሰው ጠዋት የጎማ ቦቱን አጥልቆ ይወጣል፣ አስፋልት ሲደርስ በፌስታል የያዘውን ንጹሕ ጫማ ይቀይራል፣ ቦቱን ከሚያውቀው ባለሱቅ ዘንድ አስቀምጦ ታክሲ ይሳፈራል። ማታ ተመልሶ ያንኑ ቦት ሲያጠልቅ ውስጡ ጠዋት እንደተወው እርጥብ ነው። ቦት የሌለው በኮንጎ ጫማ ይወጣል፤ ፕላስቲኩ ላብ አያስወጣም፣ የገባበትን ውሃም ቶሎ አይለቅም።

ሥራቸው ራሱ ከእርጥበት ጋር የሚያውላቸውም አሉ። ኮንክሪት የሚያፈስሰው የቀን ሠራተኛ፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው አትክልተኛ፣ በሰበታና በሱሉልታ የአበባ እርሻዎች በጎማ ቦት የሚውሉት ወጣቶች፣ ከስክሱን ሳያወልቅ የሚያድረው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሁሉም እግራቸው አየር የሚያገኘው ሲተኙ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ውሃው በፈረቃ ነው። በጀሪካን ተቆጥቦ የሚቀመጠው ውሃ ለወጥና ለእንጀራ፣ ለሕፃናትም ልብስ ይቀድማል፤ የእግር መታጠቢያው መጨረሻ ላይ የሚቀርበው አንድ ሳፋ ሆኖ ቤተሰቡ በየተራ ይታጠብበታል። እግሩም ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በሽታውን የንጽሕና ጉድለት አድርጎ የሚያይ ሰው ስለሚያናድደኝ ነው። እነዚህ ሰዎች ቆሻሾች አይደሉም፤ እግራቸው የሚደርቅበት ጊዜ ያጡ ናቸው።

በእግር ጥፍር ላይ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው የፈንገስ ዓይነት ነው። የሚመገበው ኬራቲንን ነው፤ ቆዳችን፣ ጠጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩበትን ንጥረ ነገር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ጥፍር ላይ አይወጣም። አስቀድሞ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መሃል ይቀመጣል፤ ቆዳው ነጣ ብሎ ይላጣል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ውስጥ እግሩ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይደርቃል እንጂ አያሳክክም። ሰው ይህን ቸል ሲል ፈንገሱ ወራትና ዓመታት ጠብቆ በጥፍሩ ጫፍ፣ በተለይ በአውራ ጣት ጥፍር ጠርዝ በኩል ሥር ሥሩን ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የሚከተለው ነው። የጥፍሩ አንድ ማዕዘን ነጭ ወይም ቢጫ ይሆናል። ቀለሙ ከጫፍ ተነስቶ ወደ ሥሩ በቀስታ ይስፋፋል። ጥፍሩ ይወፍራል፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ይላቀቃል፣ በመሃል የፍርፋሪ ክምር ይይዛል፤ ሲቆርጡት ይፈረካከሳል። ሌላው ዓይነት ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ጥፍሩ ጠመኔ የተቀባ ይመስላል፣ ሲፋቅም ዱቄቱ ይነሳል። ሦስተኛው ዓይነት ግን እምብዛም የማይታይ ሆኖ ትርጉሙ ከባድ ነው። ነጩ ነገር የሚጀምረው ከጫፍ ሳይሆን ከሥር፣ ጥፍሩ ከቆዳው ከሚወጣበት ቦታ ነው። ይህ መልክ የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከሙን ሊያመለክት ስለሚችል እንዲህ ያለ ጥፍር የታየበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ መምከር የሐኪሙ ግዴታ ነው።

የታመመ ጥፍር ብዙ ጊዜ ይደበቃል። ቤተ ክርስቲያን ደጅና መስጊድ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ምንጣፍ ያነጠፈ ዘመድ ቤትም እንዲሁ ነው። ሰው በዚያ ሰዓት ጣቱን ካልሲ ውስጥ ይሸሽጋል። ሴቶች ቀለም ይቀቡበታል፣ ለሠርግና ለበዓል እንሶስላ ይሞቁበታል። እንሶስላው ያማረ ነገር ነው፣ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ነገር ግን ብርቱካናማው ቀለም ጥፍሩ አድጎ እስኪወጣ ድረስ ወራት ስለሚቆይ፣ ከሥሩ ያለው ቢጫነት እየሰፋ መሄዱን ባለቤቷም አታይም፣ ሐኪሙም አያይም። እንሶስላ ለቆዳ ፈንገስ መድኃኒት ነው የሚሉ እናቶች አሉ። ሥሩ ፈንገስን የመግታት ኃይል ቢኖረው እንኳን ከወፈረ ጥፍር ሥር ዘልቆ መግባት አይችልም።

ፈንገስ የሚመስሉ

ጠባብ ጫማ ለብሶ ኳስ የሚጫወት ወጣት የአውራ ጣቱ ጥፍር ቢወፍርና ቢላቀቅ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተደጋገመ ግጭት ነው። ዳገት ቁልቁለት የሚመላለስ ሰውም እንዲሁ። ሶርያሲስ በጥፍሩ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣል፤ ሰውየውም ክርኑና ጉልበቱ ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ሊኖረው ይችላል። አረንጓዴ የሆነ ጥፍር ደግሞ ባክቴሪያ የገባበት ነው። ለእነዚህ ሁሉ የፈንገስ ክኒን መዋጥ ገንዘብን መጣልና ጉበትን ያለ ጥቅም ማድከም ነው።

ጥቁር መስመር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርድ ቡናማ መስመር፣ በተለይ በበርካታ ጣቶች ላይ ሲሆን፣ የተለመደና ጉዳት የሌለው ነገር ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚፈስስ ወይም የሚደማ ከሆነ ግን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀን አይሰጥም። 60ኛ የልደት በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2005 መስቀል አደባባይ ላይ በታላቅ ኮንሰርት ያከበርንለት ቦብ ማርሊ በሕይወት ያልነበረው በዚህ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከኳስ ጉዳት ጋር ተያይዞ ነበር የታየው። እንዲህ ያለውን ጥፍር «ፈንገስ ነው» ብሎ ስድስት ወር ቅባት የሚቀባ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ከገንዘብ በላይ ነው።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው የሚያስቆጨኝ። የላብራቶሪ ባለሙያው ጥፍሩን በአልኮል ይጠርጋል። የላላውን ጫፍ ይቆርጥና ይጥለዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ፍርፋሪ ብዙ ጊዜ የሞተ ፈንገስና ቆሻሻ ስለሆነ አያስተማምንም። ሕያው ፈንገስ የሚገኘው ጥልቅ ቦታ ላይ፣ የታመመው ጥፍር ከጤነኛው ጋር በሚዋሰንበት ድንበር ነው። ከዚያ ቦታ የተፋቀው ዱቄት መስታወት ላይ ይደረግና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል። ፈሳሹ የጥፍሩን ንጥረ ነገር ያሟሟል፤ የፈንገሱን ግድግዳ ግን በቀላሉ አያፈርስም። ጥቂት ከቆየ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንጫፍ ያለው፣ በመሃል በመሃሉ የተከፋፈለ ቀጭን ክር ይወጣል። ክሩ ከታየ ፈንገስ አለ ማለት ነው።

ይህ ምርመራ ሁልጊዜ አይሳካም። ናሙናው በሚገባ ካልተወሰደ ወይም የሚያየው ዓይን ካልለመደ ፈንገስ ኖሮ «የለም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ጠንካራ ሆኖ ውጤቱ ባዶ ከሆነ ይደገማል፤ አስፈላጊ ከሆነም ፈንገሱ እስከ አራት ሳምንት በሚወስድ ማብቀያ ላይ ዓይነቱ ይለያል። ማብቀያው ትልልቅ ቦታ የሚሠራ ነው። ማይክሮስኮፑ ግን የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። ለወባ ደም፣ ለሳንባ ነቀርሳ አክታ ሲያነብ የኖረ ባለሙያ የፈንገስ ክር ለይቶ ማየት በአጭር ሥልጠና ይማራል። የሚጨመረው ነገር አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና ጥቂት ምላጭ ነው።

አሁን ባለው አሠራር ግን ከኮዬ ፈጬ የተነሳ ሕመምተኛ ስለ ጥፍሩ የቆዳ ሐኪም ይየኝ ካለ ከተማውን አቋርጦ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ይሄዳል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ፣ ዛሬ ለቆዳ ሕመም ከአገሪቱ ሁሉ ሰው የሚመጣበት ሆስፒታል ነው። እዚያ ደርሶ ወረፋ መያዝ ለቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን እንጀራ ማጣት ነው። ስለ ጥፍር ብሎ ይህን የሚያደርግ ብዙ የለም። እና ወደ ቅርቡ መድኃኒት ቤት ይገባል።

መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕድሜያቸው የገፋ የጥበቃ ሠራተኛ ጫማቸውን ሳያወልቁ «እህቴ፣ ለጥፍር የሚሆን ቅባት ስጪኝ» ይላሉ። ጥሩ ባለሙያ «ጋሼ፣ ቅባቱ ከጥፍሩ ሥር አይደርስም፤ ክኒኑ ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታዩ» ትላቸዋለች። እንዲህ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ሊመሰገኑም ይገባል። ጋሼ ግን ጤና ጣቢያ ሄደው «የጥፍር ምርመራ እዚህ የለም» ከተባሉ ተመልሰው የሚመጡት ወደ ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ነው። እዚያ ክሎትሪማዞል የሚባል የፈንገስ ቅባት ይሸጥላቸዋል። ወይም ደግሞ ስቴሮይድ የሚባለው የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት የተቀላቀለበት ቅባት ይሰጣቸዋል፤ ይሄ ማሳከኩን በሁለት ቀን ያስታግስና ፈንገሱን ያሰራጨዋል። ዊትፊልድ የሚባለው ቅባትም ሆነ ክሎትሪማዞል በጣቶች መሃል ላለው ቆዳ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጥፍሩን ግን አልፈው አይገቡም።

ከሁሉ የከፋው ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ ክኒን ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ክኒኑ ከገበያ እንዲነሳ መክሯል፤ የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አስጠንቅቆ በ2016 ማስጠንቀቂያውን ደግሞታል። ምክንያቱ የጉበት ጉዳት ነው፤ ሞትም አስከትሏል። ሻምፑውና ቅባቱ ሌላ ነገር ነው። ክኒኑ ግን ለጥፍር የሚታሰብ አይደለም። ማንም ቢሰጣችሁ መልሱለት።

የሚሠራው መድኃኒትና የሚፈጀው ጊዜ

ምርመራው ፈንገስ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ ተርቢናፊን ነው። ለአዋቂ ሰው የተለመደው መጠን በቀን አንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም ክኒን ሲሆን ለእጅ ጥፍር ስድስት ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር አሥራ ሁለት ሳምንት ይወሰዳል። ሁለተኛው ኢትራኮናዞል ነው፤ ብዙ ጊዜ በወር አንድ ሳምንት እየተዋጠ ሦስት ሳምንት እየታረፈ ለእግር ሦስት ዙር ይሰጣል። ፍሉኮናዞል በሳምንት አንድ ጊዜ እየተዋጠ ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። ግሪሲዮፉልቪን በልጆች የራስ ጭርት ላይ ዛሬም ጠቃሚ ቢሆንም ለእግር ጥፍር ግን ጊዜው እጅግ ረጅም፣ ውጤቱም ደካማ ነው።

ዋናው የሕክምና መክሸፊያ እዚህ አለ፤ ስለዚህ ቆም ልበልበት። የእግር ጥፍር በወር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ ያድጋል። የአውራ ጣት ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ተተክቶ ለመጨረስ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ወር ይፈልጋል። ክኒኑ የተበላሸውን ጥፍር አያድነውም። የሚያደርገው ከሥር የሚበቅለው አዲስ ጥፍር ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ ነው፤ አሮጌው እየተገፋ ይወጣና ይቆረጣል። አሥራ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ የሚታየው ለውጥ ከጥፍሩ ሥር ያለ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ጤነኛ ቁራጭ ብቻ ነው። ሰው ግን በአንድ ወር ውስጥ ለውጥ አጣሁ ብሎ ክኒኑን ያቆማል። የዘራውን በሳምንቱ አልበቀለም ብሎ ማሳውን የሚገለብጥ ገበሬ የለም፤ በጥፍር ላይ ግን ይህን እናደርጋለን።

ተርቢናፊን ከተዋጠ በኋላ ጥፍር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ኮርሱ ካለቀ በኋላም መሥራቱን አያቆምም። መሥራቱን ለማወቅ አንዳንድ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ሕክምናው ሲጀመር የታመመውና የጤነኛው ጥፍር ድንበር ላይ በሞረድ ቀጭን መስመር ይጫራል። ጥፍሩ ሲያድግ መስመሩ ወደ ጫፍ ይሄዳል። ከመስመሩ በስተኋላ የሚበቅለው ጥፍር ጥርት ያለ ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ቢጫው መስመሩን አልፎ ወደ ሥር ከተመለሰ እየሠራ አይደለም። ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ በየወሩ ሊያየው ይችላል። በየሳምንቱ አውራ ጣትን በስልክ ፎቶ ከማንሳት ይህ ይሻላል።

ውጤቱንም ማጋነን አያስፈልግም። በጥናቶች ላይ በተርቢናፊን ከታከሙ 100 ሰዎች በ70ዎቹ ገደማ ፈንገሱ ጠፍቷል፤ ጥፍራቸው ፍጹም እንደ ድሮው የሆነላቸው ግን ወደ 40 የሚጠጉት ናቸው። ዓመታት የኖረ ጉዳት ጥፍሩ የሚበቅልበትን ቦታ ራሱን ያዛባዋልና።

ክኒኑን ከመጀመር በፊት የጉበት ደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከባድ የጉበት ጉዳት እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት በሚኖርበት አገር፣ አረቄ የሚያዘወትርም ሰው ባለበት፣ ይህ ምርመራ የሚታለፍ አይደለም። ክኒኑን እየወሰደ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋና ያለ ወትሮው የደከመ ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ምላስ ጣዕም ማጣትም ይከሰታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሕክምናውን ብታዘገየው ይሻላል፤ ጥፍር ይጠብቃል።

ሌሎች መድኃኒቶችም ጣልቃ ይገባሉ። እኛ አገር ጨጓራ የማያመው ሰው ስለሌለ ኦሜፕራዞል በየቤቱ አለ። የኢትራኮናዞል ካፕሱል ወደ ደም ለመግባት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ይቀንሳል። ሰውየው በውድ የገዛውን ካፕሱል በሙሉ ውጦ ጥፍሩ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም የተርቢናፊንን፣ የኢትራኮናዞልንና የፍሉኮናዞልን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የነቀርሳ ሕክምናው አስቀድሞ ይጠናቀቅና ጥፍሩ ቀጥሎ ይታከም። የልብ ድካም ያለበት ሰው ኢትራኮናዞል ጨርሶ አይወስድም። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚዋጠውን ሁሉ መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥፍር ላይ የሚቀባ እንደ ቀለም የሚደርቅ መድኃኒትም አለ፤ አሞሮልፊን በሳምንት አንዴ፣ ሲክሎፒሮክስ በየቀኑ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ። ጫፉ ላይ ብቻ ለቀረ፣ ከጥፍሩ ግማሽ ላልደረሰ ሕመም ወይም ክኒን መውሰድ ለማይችል ሰው ይረዳል። በአንዳንድ ጥናቶች በሲክሎፒሮክስ ሙሉ በሙሉ የዳኑት ከ100 ሰዎች 10 እንኳን አልሞሉም። የወፈረ ጥፍር ላይ ለብቻው ተስፋ አይጣልበትም።

ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰር፣ በረኪና ውስጥ መንከር፣ ጥፍሩን በጉጠት መንቀል ይቅር። ነጭ ሽንኩርቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ በረኪናውም እንዲሁ፤ የተነቀለው ጥፍር ደግሞ ፈንገሱ ካልታከመ ታሞ ይበቅላል።

እጅ ሌላ ነው

ልብስ አጥበው የሚያድሩ፣ ቡና የሚሸጡና ስኒ የሚያለቀልቁ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች እጃቸው ከውሃ አይወጣም። በእነሱ ጣት ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከጥፍሩ ሳይሆን ከዙሪያው ሥጋ ይጀምራል። ጥፍሩን ከሥር የሚያሽገው ስስ ቆዳ ይጠፋል፣ ሥጋው ያብጣል፣ ሲጫኑት ያማል፣ ከዚያ ጥፍሩ በጎኑ ይጠቁራል፣ ይሸረካከታል። ካንዲዳ የሚባለው የእርሾ ዓይነት ፈንገስ እዚያ ይገኛል፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ሳሙናውና ውሃው ያቆሰሉት ቆዳ ነው። ስለዚህ እነዚህ እናቶች ለወራት የፈንገስ ክኒን መዋጥ አያሻቸውም። የሚጠቅማቸው እጃቸውን ከውሃ መከለል ነው፤ ከጥጥ የተሠራ ስስ ጓንት ከውስጥ፣ የጎማው ከላይ። ከሥራ በኋላ እጅን አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ ያንን ስስ ቆዳ አለመቁረጥና አለመግፋትም ያግዛል። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ለአጭር ጊዜ ሐኪም ሊያዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። በዓይን ፈንገስ የሚመስሉ ሁለት ሕመሞች ተቃራኒ ሕክምና የሚፈልጉበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

ጫማው፣ ምላጩ፣ ቤተሰቡ

ፈንገሱ ጫማ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጥፍሩን አድኖ ወደዚያው አሮጌ ቦት የሚመለስ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል። ሁለት ጥንድ ጫማ ኖሮ በየተራ ማድረግ፣ ያረጠበውን ውስጡን ገልብጦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ማታ ጋዜጣ መጠቅጠቅ፣ የጎማ ቦት ውስጥ የጥጥ ካልሲ አድርጎ በየቀኑ መለወጥ የሚቻልበት ቤት ብዙ ነው። እግር ታጥቦ የጣቶች መሃል በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚያጥብ ሰውም ከታጠበ በኋላ ይህን ቢያደርግ ይጠቅመዋል። በጣቶች መሃል መላጥ ሲጀምር የተርቢናፊን ቅባት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት፣ ክሎትሪማዞልም ቢሆን ለአራት ሳምንት ከተቀባ ፈንገሱ ጥፍር ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ርካሹና ቀላሉ ሕክምና ይህ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ የአባት፣ የእናትና የልጆች የእግር ጥፍር በአንድ ምላጭ ይቆረጣል። ምላጩ ፈንገስን ብቻ አይደለም የሚያስተላልፈው፤ ሄፓታይተስ ቢም በደም ይተላለፋል። የታመመ ጥፍር ያለበት ሰው የራሱ ጥፍር መቁረጫ ይኑረው። አንድ ሰው ሲታከም የሌሎቹም እግር ይታይ፤ ልጆች ጭርት ካለባቸው አብረው ይታከሙ።

ማን ይቅደም?

ምርመራው በጤና ጣቢያ ይጀመር ስል ሁሉም ሰው እኩል ይቸኩላል ማለቴ አይደለም። ጥፍሩ ከመልኩ በቀር ምንም ያላደረገው ጤነኛ ወጣት ቢጠብቅ አይጎዳም፤ ሳይታከም መኖርም መብቱ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው። እግሩ ስለደነዘዘ የወፈረው ጥፍር ከሥሩ ያለውን ሥጋ ሲያቆስለው አይሰማውም። በጣቶች መሃል የተሰነጠቀው ቆዳ ለባክቴሪያ መግቢያ ይሆናል፤ እግሩ ቀልቶ ያብጣል፣ ቁስሉ ይሰፋል፣ እስከ መቆረጥ የደረሰም አለ። ጎንበስ ብለው ጥፍራቸውን መቁረጥ የማይችሉ አረጋውያንም ከዚሁ ወገን ናቸው።

የስኳር ክትትል በዳርቻው ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል። ሕመምተኛው በቀጠሮው ቀን ይመጣል፣ ደሙ ይለካል፣ የስኳር ክኒኑን ሜትፎርሚንን ይዞ ይመለሳል። በዚያው ቀን ጫማና ካልሲ ይወልቅ፤ ጥፍሩና የጣቶቹ መሃል ይታይ፤ የተጠረጠረው ጥፍር ተፍቆ ከዚያው ሕንፃ ሳይወጣ ላብራቶሪ ይግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን እግራቸውን ጠይቀው ወደዚያ ይላኩ። ለምርመራ የሚሄድ ሰው ደግሞ የጥፍር ቀለሙን አስለቅቆ፣ የፈንገስ ቅባት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አቁሞ፣ ጥፍሩን በዋዜማው ሳይቆርጥ ይሂድ።